ጀሪካን ቁጥር 7

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለጣቶቼ ግን ሌላ አገር ነው። ደሴ የጦሳን ተራራ ተንተርሳ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትተኛለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሙቀቷን ታቅፋ ተቀምጣለች። ጠዋት 12፡30 ላይ ሁለት ሹራብና ጃኬት ደርቤ በሞተር ብስክሌቴ ከቤት እወጣለሁ፤ መሥሪያ ቤት ስደርስ ጥበቃው ፊት ቆሜ አንድ በአንድ አወልቃለሁ። "ዛሬስ ስንት ነው?" ይለኛል፤ ቆጥሬ አስረክበዋለሁ። የቦርከና ወንዝም እንደ እኔ ከደሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ እርሱ ግን ፍሪሲዮን የሚይዝበት ጣት የለውም።

ገላ ይለበሳል፤ መከራው እጅ ነው። አየሩ ጸጥ ያለ ቢሆን እንኳ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው የ60 ኪሎ ሜትር ንፋስ ለራሱ ያዘጋጃል፤ ያንን ንፋስ ወጥተው የሚቀበሉት ደግሞ ጣቶቹ ናቸው። ታኅሣሥ ላይ በመንገዱ መካከል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ትንሿ ጣቴ ትሰናበተኛለች፤ ሌሎቹ ተራ ጠብቀው ይከተላሉ።

መፍትሔ ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። ከሰኞ ገበያ የሹራብ ጓንት ገዛሁ፤ ንፋሱ እንደ ወንፊት አለፈበት። በላዩ ፌስታል አጠለቅኩ፤ ነዳጅ መስጫው ላይ አንሸራተተኝ፣ በየመብራቱ ስቆም ደግሞ እየተንኮሻኮሸ ሰው ዞሮ ያየኛል። የቆዳ ጓንት ዋጋ ጠየቅኩ። ሲነገረኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ፤ እዚያ ይሞቃል።

አንድ ቀን ፒያሳ ላይ የአንድ እርዳታ ድርጅት ትልቅ ሞተር ቆሞ አየሁ። በመሪው ግራና ቀኝ፣ ከእጀታዎቹ ፊት፣ እንደ ጋሻ የተደገኑ ሁለት የፕላስቲክ መከላከያዎች አሉት። ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ሦስተኛውን ልጀምር ስል ዘበኛው "ወንድሜ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?" አለኝ። እንዲያውም ተገኝቶልኝ ነበር። ፕላስቲክ እኮ ነው! ፕላስቲክ ደግሞ የእናቴ ማድ ቤት ሞልቶ ተርፏል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከማድ ቤቱ ጀርባ አንድ ቢጫ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን አገኘሁ። ከሥሩ ሦስት ማዕዘን፣ በውስጡም 2 ቁጥር ታትሟል፤ ጠንካራው የፖሊኤቲሊን ዓይነት ነው ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? በአንድ ጎኑ በብሩሽ የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ ነበር፤ አብዛኛው ተልጦ "ር ቁ. 7" ብቻ ቀርቷል። የነጋዴ ምልክት መሰለኝና አለፍኩት።

ለልክ ማውጫ ወፍራም ካርቶን አስፈለገኝ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለሆንኩ ቤቴ ክላሴር አይጠፋም፤ የአንዱን ሽፋን ገንጥዬ በጨበጠ እጄ ዙሪያ አሰመርኩ። ቅርጹ የበሬ ምላስ መሰለ። በካርቶኑ ልክ፣ ፍም ላይ ባጋልኩት ቢላዋ፣ ከጀሪካኑ ሁለት ምላስ ቆረጥኩ።

ቀጥሎ መጉበጥ አለበት። የፈላ ውሃ ደፋሁበት፤ ወይ ፍንክች! ኋላ ነው የገባኝ፤ ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ይህ ፕላስቲክ ግን 130 አካባቢ ካልደረሰ እጅ አይሰጥም። ገላውን አጠብኩት እንጂ አላጎበጥኩትም። ስለዚህ ወደ ከሰል ምድጃ።

እዚህ ላይ፣ እውነቱን ልናገርና፣ የሚያምር ነገር አየሁ። ፍሙ ላይ ከፍ አድርጌ ሳገላብጠው ድፍኑ ቢጫ ከዳር ጀምሮ እንደ ማር ጠራ። ከጀርባው የያዝኩበት ፒንሳ ታየኝ። እንደዚያ ሲጠራ ነው የሚታዘዘው። ወዲያው የእናቴን እንስራ በጎኑ አስተኝቼ ሆዱ ላይ ለጠፍኩት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጫን ጫን አደረግኩት። ሲቀዘቅዝ እንደገና ደፈረሰ፤ የእንስራውን ጉብጠት ግን እንደያዘ ቀረ። ፋብሪካ የሠራው ነው ብል የሚከራከረኝ አልነበረም።

ሁለተኛው ላይ ተዘናጋሁ። ጫፉ ቀልጦ ፍሙ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው። እናቴ እየሳለች ወጣች።

"አንተ ልጅ፣ ምን እየጠበስክ ነው?"

"የእጅ መከላከያ።"

"እጅህ ምን ሆነ?"

"ይበርደዋል።"

"ታዲያ እሳቱ ፊትህ አይደል? ሙቀዋ!"

ሁለቱን ምላሶች ከስፖኪዮው ሥር በፋሸታና በብሎን አሰርኳቸው። ቀዩ ጽሑፍ ውበት ስለሚያበላሽ ወደ ውስጥ፣ ወደ እኔ አዞርኩት። እሑድ በሰፈር ውስጥ ስሞክረው ልጆች "ሞተሩ ጆሮ አወጣ!" እያሉ ተከተሉኝ። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድም እንከን የለውም።

ሰኞ ጠዋት ስወጣ የእድራችን ዕቃ ክፍል ኃላፊ በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ኮምቦልቻ ለቅሶ አለባቸው። የእድሩን ድንኳን፣ ብረት ድስትና ብርጭቆ በቁጥር የሚያውቁ፣ አንድ ማንኪያ ቢጎድል ሌሊት እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። "ውጡ ጋሼ" አልኩ፤ ትርፍ ሄልሜቱን አጠለቅኩላቸው።

እስከ 40 ኪሎ ሜትር ጣቶቼ ሞቀው ዘፈን አማራቸው። ሐረጎ ቁልቁለቱን ስንጀምር 50ን አለፍን። የንፋስ ግፊት ደግሞ እንደ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም የሚጨምረው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህንን ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። የግራው ምላስ መጀመሪያ እንደ ንብ አለ፤ ቀጥሎ እንደ እምቢልታ። የቀኙ ወደ ኋላ ተለምጦ የፊት ፍሬን መያዣው ላይ ተኛ። ፍሬኑ ያዘ፤ ፍጥነታችን ቀነሰ፤ ንፋሱ ሲላላ ምላሱ ተመልሶ ቀና አለ፤ ሞተሩ እንደገና ወደ ፊት ፈተለከ፤ ምላሱ እንደገና ተኛ። እንዲህ እየሰገድን ወረድን። በየስግደቱ የጋሼ ሄልሜት የእኔን ከኋላ ይመታዋል፤ ቋ! ቋ! ከኋላችን ያለ አይሱዙ የፍሬን መብራቴ ሲበራና ሲጠፋ ግራ ገብቶት ክላክሱን አልለቀቀውም።

"ልጄ" አሉኝ በጆሮዬ፣ "ይህ ነገር ንፋሱን ወዴት ነው የሚልከው?"

"ወደ ጎንና ጎን ነው ጋሼ!"

"ጎንና ጎን ጉልበቴ ነው!"

ዳር ይዤ ቆምኩ። ጋሼ ወርደው ጉልበታቸውን አሻሹ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውጥተው መከላከያውን ሊመረምሩ ጎንበስ አሉ። ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም እኔም ጎንበስ አልኩ። ጣታቸው ቀዩ ጽሑፍ ላይ ነበር።

"ይህ ሰባት ቁጥር የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው" አሉ።

"እድ" የሚለው የት እንደነበረ ያኔ ታየኝ።

ጀሪካን ቁጥር 7 ለሦስት ወር ያህል የእድራችን አጀንዳ ነበር። ምስኪን ጎረቤቶቻችን በየተራ ተጠይቀዋል። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ "ባልታወቀ ሰው ተወስዷል" የሚለው አንሶብኝ "ድርጊቱም እጅግ አሳፋሪ ነው" ብዬ ማንም ሳይለኝ ከራሴ ጨምሬበታለሁ። ለካ እናቴ ለእህቴ ሰርግ ውሃ ልትቀዳበት ተውሳው፣ በሰርጉ ግርግር ረስታው ኖሯል።

የምለው ጠፍቶኝ ቆምኩ። ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"አብሽር፤ ተገኘ ማለት እኮ ነው።" ትንሽ አሰብ አድርገው ጨመሩ፤ "የቀረው ግማሹ የት ነው?"

ሁለቱንም ፈታሁ። ጋሼ ተቀብለውኝ የእድሩ ንብረት መሆኑን ለማረጋገጥ ይሁን ለሌላ እንጃ፣ አንዱን ከጋቢያቸው ሥር ደረታቸው ላይ፣ ሌላውን ሆዳቸው ላይ አስገቡት። የእንስራው ጉብጠት ልክክ አለላቸው። "አሁን ገና ንፋሱ ቀረ!" እያሉ እስከ ኮምቦልቻ አመሰገኑኝ። እኔ በባዶ እጄ ነዳሁ። ትንሿ ጣቴ እንደ ልማዷ ተሰናበተችኝ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ጉዳዩ ታየ። አንድ አባል ተነሥተው የቀድሞው ቃለ ጉባኤ ይነበብልን አሉ። ጸሐፊው ተነሥቶ አነበበ። "እጅግ አሳፋሪ" የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ አነሰና ጮክ በል ተባልኩ። አዲስ ጀሪካን እንድተካ ተወሰነ፤ ተቆርጠው የተጎበጡት ሁለት ክፍሎችም የቁጥር 7 አካል በመሆናቸው ወደ ዕቃ ክፍል እንዲመለሱ ተባለ። ይህንንም በራሴ እጅ ጻፍኩ።

ከመዝገብ አልተሰረዙም። አንደኛው አመድ ይዛቅበታል። ሁለተኛውን ባለፈው እሑድ አየሁት፤ የእድሩ ቡና ሲፈላ አንዲት እናት ምድጃው ፊት ተቀምጠው ከሰሉን ያራግቡበታል። ፍሙ በአንድ አፍታ ቦግ አለ።

"ይህንን የሠራ እጁ ይባረክ" አሉ፤ "ንፋስ አሰባሰቡስ!"