የሰረዝኩት ረድፍ፦ የቨርጂኒያን የምርጫ ጥናቶች ሳነጻጽር የተሳሳትኩት

እ.ኤ.አ. በ2021 የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ምርጫ በተቃረበበት ወቅት፣ በዚያው ግዛት አሌክሳንድሪያ ከተማ በሚገኘው ዕድራችን ዲሞክራቱ ዕጩ ቴሪ ማኮሊፍና ሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን የማይነሱበት የቡና ሰዓት አልነበረም። ዲሞክራቱ ጆ ባይደን ከአንድ ዓመት በፊት በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ በ10 ነጥብ ባሸነፉበት ግዛት ፉክክሩ እንዲህ መጥበቡ ሁሉንም አስገርሞ ነበርና፣ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶቹን አነጻጽሬ ላቀርብ ተነሣሁ። ተጠይቄ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። የየጥናቱን ሙሉ ሰነድ አውርዶ ቀኑን፣ የናሙናውን ብዛትና የዕጩዎቹን ድርሻ በሠንጠረዥ ለማስፈር አንድ ምሽት ይበቃል።

ነገሩ የተበላሸው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ዋሽንግተን ፖስት ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የሻር ትምህርት ቤት ጋር ያወጣው ጥናት ማኮሊፍን 49 ለ48 ሲያስቀድም፣ የፎክስ ኒውስ ጥናት ያንግኪንን 53 ለ45 አስቀደመ። እኔም ጣቢያው ለሪፐብሊካኖች ማዳላቱ ይታወቃል ብዬ የፎክስን ረድፍ ሰረዝኩት። ዛሬም የሚያናድደኝ፣ ይኸው ጥናት ከሁለት ሳምንት በፊት ማኮሊፍን 51 ለ46 ሲያስመራ ስለ ማዳላት አንድም ቃል ሳልተነፍስ በደስታ መዝግቤው የነበረ መሆኑ ነው። ጥናቱን የሚሠሩት አንድ ለዲሞክራቶች፣ አንድ ለሪፐብሊካኖች የቀረቡ ድርጅቶች በጋራ መሆናቸውንም ለማጣራት አልደከምኩም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሰነዱ ሁለት ዓምድ እንደነበረው አለማየቴ ነው። 53 ለ45 የሚለው ድምፅ ይሰጣሉ ተብለው በተገመቱት መራጮች ዘንድ ሲሆን፣ በተመዘገቡት ሁሉ ዘንድ ግን 48 ለ47 ነበር። ስምንቱ ነጥብ ወደ አንድ የሚወርደው እንግዲህ ማን ከቤቱ ወጥቶ ይመርጣል በሚለው ግምት ብቻ ነው። እኔ ከአንዱ ጥናት የተመዘገቡትን፣ ከሌላው የተገመቱትን እየወሰድኩ ጤፍና ገብስ በአንድ ቁና ሰፍሬ፣ ለዕድርተኛው «ማኮሊፍ በጥቂቱ ይመራሉ» አልኩ።

ኖቬምበር 2 ቀን ያንግኪን 50.6 ለ48.6 አሸነፉ። የሰረዝኩት ጥናት ልዩነቱን በስድስት ነጥብ አጋንኖታል፤ የያዝኩት የዋሽንግተን ፖስት ጥናት አሸናፊውን ስቷል። ሁለቱን ብቻ ባማክል እንኳ ያንግኪን በሦስት ነጥብ ተኩል ይቀድሙ ነበር።

ጥናቶቹ ግርጌያቸው ላይ በሚጽፉት የስህተት ህዳግ መጽናናትን አልመክርም። ያ ቁጥር የአንዱን ዕጩ ድርሻ ይመለከታል፤ በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ማን ይመርጣል በሚለው ግምት ላይ የሚፈጸመውን ስህተት ደግሞ ፈጽሞ አይቆጥርም። ያለፈውን ምርጫ ስህተት አይቶ ነጥብ መቀነስም አያዋጣም፤ እዚያው ቨርጂኒያ በ2013 ማኮሊፍ ጥናቶቹ ከገመቱት በጠበበ ልዩነት ሲያሸንፉ፣ በ2017 ራልፍ ኖርዛም ከተገመተው በሰፋ፣ ወደ 9 ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት ነበር ያሸነፉት።

ማኮሊፍ በተሸነፉበት በዚያው የ2021 ምርጫ ዕለት በኒው ጀርሲ አገረ ገዢ ምርጫ ዲሞክራቱ ፊል መርፊ በሦስት ነጥብ ገደማ ብቻ ሲያሸንፉ፣ በ11 ነጥብ አስቀድሟቸው የነበረው የሞንማውዝ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ኃላፊ ስህተቱን በጋዜጣ አምኖ ጽፏል። እኔ ለዕድሬ ለመናገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ሳነሣው አንድ አዛውንት «እስቲ ልጄ፣ ያን የሰረዝከውን አሳየን» አሉኝ፤ ረድፉን ግን ጨርሶ አጥፍቼው ስለነበር የማሳያቸው አልነበረኝም።