የሌለ ደራሲ መጽሐፍ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ፣ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት ጥግ፣ «ሂት ዌቭ» የሚባል የወንጀል ልብ ወለድ ከእጅ እጅ ሲዞር ዋለ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ሪቻርድ ካስል የሚባል ደራሲ የለም፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የጀመረ፣ «ካስል» የተባለ የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ የኤቢሲ ድራማ ገጸ ባሕርይ ነው። የጀርባው ፎቶም የተዋናዩ የናታን ፊሊየን ነው።

ድራማው ውስጥ ካስል መጽሐፉ እንደ ጉድ የሚቸበቸብለት ደራሲ ነው። ይሄኛው መጽሐፍ ግን የድራማውን አንድ ክፍል ያህል ይቀላል። የድራማው መርማሪ ፖሊስ ቤኬት እዚህ ኒኪ ሂት ሆነች፣ ካስል ደግሞ ጄምሰን ሩክ። ተዋናይ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ የሚጨርሰውን ነገር ወረቀት ላይ ንግግር ብቻውን አይሸከመውም፤ ገጸ ባሕርዩ በውስጡ የሚያስበውና የሚሰማው መጻፍ አለበት፣ የጎደለውም እሱ ነው። ሐሳቡ ግሩም ስለነበር ያንገበግባል።

እንዲህ ያለውን ከመግዛታችሁ በፊት የርዕስ ገጹን ጀርባ እዩ። የቅጂ መብቱ በስቱዲዮ ስም ከሆነ መሀሉን ገልጣችሁ ሦስት ገጽ አንብቡ፤ ምልልስ ብቻ ከሆነ መልሱት።