በጉ ከመነዳቱ በፊት ሂሳብ ማየት

ደብረ ብርሃን ላይ ስልክ እጠግናለሁ። የእናቴ ወገኖች ደግሞ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ በግ ያረባሉ። የአዲስ አበባ ነጋዴ «በቴሌብር ላስገባልዎት» ባለ ቁጥር ስልካቸውን ለሰፈር ጎረምሳ ይሰጣሉ፤ ባለ 6 አሃዙን የሚስጥር ቁጥር ጨምረው። ማስተማር የጀመርኩት ይህን ለማስቀረት ነው።

«ይሄ የናንተ የከተሜዎቹ ነው፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» የሚሉት አጎቴ ካርድ ሲሞሉ አየሁ። ኮከብ ነክተው፣ 805 ብለው፣ ያን ፍቀው ያወጡትን ረጅም ቁጥር አንድም ሳይስቱ አስገቡት። ቁጥሩን ገበያ አስተምሯቸዋል። ስለዚህ የቴሌብርን አፕ እርግፍ አድርጌ ትቼ፣ እንደ ካርድ መሙያው በሚደወለው በ*127# ጀመርን። ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል፣ ዳታ አይጠይቅም፣ ቋንቋውም አማርኛ ይሆናል። ያስቸገረን ጥድፊያው ነው። መነጽር እስኪፈለግ ስክሪኑ ላይ የመጣው ምርጫ ይዘጋና እንደገና ከሀ ይጀመራል። የሚነካውን ቁጥር በቅደም ተከተል ካርቶን ላይ በትልቁ ጻፍኩላቸው፤ ከዚያ በኋላ ስክሪኑን ማንበብ እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ከተማ ውስጥ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየው ብር መላክ ነው። እኔ ገለበጥኩት፤ ቀሪ ሂሳብ ማየት ሳይለመድ መላክ የለም። አጭበርባሪ ከተራ ስልክ «ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ይልክና ወዲያው ደውሎ «በስህተት ነው፣ በፈጠረዎት ይመልሱልኝ» ይላል። የቴሌብር መልእክት ላኪው 127 ነው፤ ይህን ለመለየት ፊደል አያስፈልግም። ቢሆንም መልእክት አይታመንም። ሂሳቡ ከክፍያው በፊትና በኋላ ታይቶ ብሩ መጨመሩ ሳይረጋገጥ የበጉ ገመድ ከእጅ አይወጣም። ይህን ለማሳመን ብዙ አልደከምኩም። ብር ሁለቴ ቆጥሮ፣ ኖቱን ወደ ፀሐይ አንስቶ የሚቀበል ሰው መጠራጠርን ከኔ አይማርም።

ሱቄ የሚመጡት ወጣቶች ናቸው የባሱት። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ እጃቸው ይበራል፤ ዕቃ ሲሸጡ ግን የገዢውን ስክሪንሾት አይተው ያስረክባሉ። ስክሪንሾት ደግሞ እንደፈለጉ የሚቀቡት ስዕል ነው። በ2015 ነሐሴ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ሲቋረጥም «ቴሌብሬ ጠፋ» እያሉ የመጡት እነሱው ናቸው። ለመደወያ የሚሆን ኔትወርክ እስካለ ድረስ *127# እንደሚሠራ አያውቁም ነበር። ያኔ አጎቴን አስታውሼ ሳቄን ዋጥኩ። «ገጠሬው ወደኋላ ቀርቷል» የሚለውን ወሬ ከዚያ ወዲህ በግማሽ ጆሮ ነው የምሰማው። የጎደለውማ ጎድሏል፦ ኔትወርክ ጋራ ወጥተው ይፈልጋሉ፣ ባትሪ የሚሞላው ሶላር ያለው ጎረቤት ዘንድ ነው። ይህ ግን የሰዎቹ እውቀት ጉድለት አይደለም።

ያልፈታሁት የሴቶቹን ነገር ነው። አክስቴ ቅደም ተከተሉን ከሁሉም ቀድመው ያዙት። ሲም ካርዱ ግን በልጃቸው ስም የወጣ ነው፤ ልጁ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ሄዷል። የሚስጥር ቁጥሩ ቢቆለፍ ማስከፈት የሚችለው እሱ እንጂ እሳቸው አይደሉም። ስለዚህ አሁን ማንንም ሳስተምር መጀመሪያ የምጠይቀው ሲሙ በማን ስም እንደወጣ ነው። የራሳቸው ካልሆነ ትምህርቱን አቆየውና መታወቂያቸውን አስይዤ በስማቸው ሲም እንዲያወጡ አደርጋለሁ። አክስቴም በመጪው ገበያ ቀን ይወርዳሉ።