ወደው ነው ወይስ ታዘው?

እማዬ ኳስ አታይም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቡና የምትቆላው እኛ ጨዋታ በምናይበት ሳሎን ነው። አንድ ቀን ተጫዋቾቹ በሙሉ ከነዳኛው ሲንበረከኩ አየችና መቁያውን እንደያዘች «ምን አጥፍተው ነው?» አለችን።

«ወደው ነው» አልኳት። ጥያቄዋ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ኮሊን ካፐርኒክ እውነትም ወዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በጥቁሮች ላይ የሚደርሰውን ግፍ ለመቃወም የአሜሪካ መዝሙር ሲዘመር መጀመሪያ ቁጭ አለ። በኋላ ከአንድ የቀድሞ ወታደር ጋር ተነጋግሮ መንበርከክን መረጠ። ያዘዘው የለም። ከዚያ የውድድር ዘመን ወዲህ በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ያ ጉልበት ከባድ ዋጋ አስከፍሎታል፤ የማከብረውም ለዚህ ነው።

ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ፣ በ2020፣ ፕሪሚየር ሊጉም መንበርከክ ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን ሆዴ ይባባ ነበር። በመጋቢት 2021 የክሪስታል ፓላሱ ጥቁር ተጫዋች ዊልፍሬድ ዛሃ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ወላጆቹ በጥቁርነትህ ኩራ ብለው እንዳሳደጉት፣ መንበርከኩ እንደሚያዋርደው ተናገረ። ተንበረከክንም ቆምንም የዘረኞች ስድብ አልቀረልንም አለ። «አንንበረከክም» ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የሚከብደኝ የደቡብ አፍሪካው ክሪኬት ተጫዋች የኩዊንተን ደ ኮክ ጉዳይ ነው። በጥቅምት 2021፣ በቲ20 (አጭሩ የክሪኬት ጨዋታ) ዓለም ዋንጫ ወቅት፣ የደቡብ አፍሪካ ክሪኬት አመራር ተጫዋቾቹ ሁሉ እንዲንበረከኩ አዘዘ። ደ ኮክ ነጭ ነው። ዱባይ ላይ ከዌስት ኢንዲስ ጋር ሊጫወቱ ሲሉ ራሱን ከቡድኑ አገለለ። ስሰማ ደሜ ፈላ። የአፓርታይድ አገር ልጅ እንዴት እንዲህ ያደርጋል? በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። የእንጀራ እናቱ ጥቁር መሆኗን ተናገረ፤ ያስከፋው ትእዛዙ እንደነበር አስረዳ። በቀጣዩ ጨዋታ ተንበረከከ።

ያኔ የተንበረከከው አምኖበት ነው ወይስ አለቆቹን ፈርቶ? ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ትእዛዙ ያበላሸው ይህንን ነው።

ከወንድሜ ጋር በዚህ አንስማማም። ለምርጫ ከተተወ ነጮቹ ዝም ብለው ያልፋሉ፣ ሸክሙ ጥቁሮቹ ላይ ይቀራል ይለኛል። እውነት አለው። እኔ ግን ማን እንደቆመ በዓይኔ አይቼ፣ ለምን እንደቆመ ቢጠየቅ እመርጣለሁ። ሁሉም ታዞ ከተንበረከከ ማን ይጠየቃል?

ስድስተኛ ክፍል እያለን የመስኮት መስታወት ተሰበረ። ሰባሪው አልታወቀም። አስተማሪው ክፍሉን በሙሉ አውጥቶ ጠጠር ላይ አንበረከከን። ጎኔ የነበረው ልጅ ድምፁን አጥፍቶ ያለቅስ ነበር። እኔ ደግሞ አስተማሪው ይመጣል አይመጣም እያልኩ ጫማውን ነበር የማየው። ስለ መስታወቱ ያሰበ ልጅ የነበረ አይመስለኝም።