«ፍቺልኝ»

«ልጄ፣ ይሄን ነገር ፍቺልኝ።»

ከምሽቱ 5፡10 ነበር። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው ቻርቱ ላይ ስለጻፍኩት ነው። በዚያ ጽሑፍ በኋላ ቅር ያለው ሰው አለ፤ እመለስበታለሁ።

እኚህ እናት የእንቅርት ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። እንቅርቱ ከ15 ዓመት በላይ አብሯቸው ኖሯል። ከገጠር ሲመጡ አንገታቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሴቶች ብቻ መሆናችንን አይተው ነው የገለጡት። ከቡጢ ይበልጥ ነበር። በጀርባቸው ሲተኙ ስለሚያፍናቸው ለዓመታት ግድግዳ ተደግፈው ነው ያደሩት። ኦፕራሲዮኑ ጥሩ ሄደ ተባለ። ከቁስሉ ውስጥ ደም የሚያወጣ ቱቦ፣ ድሬን፣ ተደረገላቸው። ከሰዓት በኋላ አወሩ፣ ሻይም ጠጡ። እኔ ማታ ስረከብ «ደህና ናቸው፣ የሚያሰጋ ነገር የለም» ተብዬ ነው የተረከብኩት።

«ፍቺልኝ» ሲሉኝ ፕላስተሩ የጠበቀባቸው መሰለኝ። አላላሁላቸው። ቁስሉን የሸፈነው ጨርቅ፣ ጎዙ፣ ንጹሕ ነው፤ ደም የለውም። ትራስ ጨመርኩላቸው።

አስታማሚዋ ልጃቸው ናት፤ 16 ዓመት ቢሆናት ነው። ልወጣ ስል በር ላይ ደረሰችብኝ።

«ሲስተር፣ ድምፅዋ የእማዬ ድምፅ አይደለም።»

«ቱቦው ነው» አልኳት። «ለሰመመን ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ይገባል። አንድ ሁለት ቀን ድምፅ ይዘጋል።»

ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰጠሁ አላውቅም። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ልጅቷ አመስግናኝ ተመለሰች። እኔም ሌላ ክፍል ውስጥ የሚጠብቀኝ መድኃኒት ነበርና ሄድኩ።

5፡30 ላይ ስመለስ እናትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት አዘንብለዋል። ልጅቷ አፋቸው ሥር ጨርቅ ይዛለች፤ ምራቃቸውን መዋጥ አልቻሉም። አንገታቸው ሞላ ብሏል።

«ሲስተር» አለችኝ ልጅቷ፣ «ያወጡት ነገር ተመልሶ መጣ እንዴ?»

እናትየው ቀና ብለው አዩኝ። እንደገና «ፍቺልኝ» አሉኝ። አሁን ድምፁ ጭራሽ ትንፋሽ ብቻ ሆኗል።

ኦክሲጅን አደረግኩላቸውና ለተረኛው ሐኪም ደወልኩ።

«ሳቹሬሽን ስንት ነው?» በደማቸው ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን መጠን ነው የጠየቀኝ።

«96። ግን ዶክተር፣ መተኛት አልቻሉም።»

«እሳቸው ድሮም ተቀምጠው ነው የሚተኙት። ድሬኑስ?»

«40 ሚሊ ነው። ከማታ ጀምሮ አልጨመረም።»

«ካልጨመረማ ጥሩ ነዋ! ምን አስጨነቀሽ? ማስታገሻ ስጫቸው፤ እዚህ ጨርሼ እመጣለሁ።»

ከዚያ ምሽት ወዲህ ይህን ንግግር በልቤ ብዙ ጊዜ መልሼ ሰምቼዋለሁ። የጠየቀኝ ሁሉ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የመለስኩለትም ሁሉ ትክክለኛ ቁጥር ነው። በጥያቄውም በቁጥሩም አንድም ስህተት አልነበረም፤ እናትየው ግን እየታፈኑ ነበር። ድሬኑ ያልጨመረው ደሙ ስለቆመ አልነበረም። ረግቶ ቱቦውን ስለደፈነው ነው። 96 ደግሞ ኦክሲጅን ላይ ላለ ሰው ብዙ አይናገርም። ሳቹሬሽን የሚወርደው በመጨረሻ፣ ሰውየው ከደከመ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ አስተካክዬ መናገር አልቻልኩም። የነበረኝ «ግን ዶክተር» ብቻ ነበር።

ማስታገሻውን አልሰጠሁም። ጠንካራ ማስታገሻ ትንፋሽ ያዳክማል፤ ፊታቸውን እያየሁ እጄ እሺ አላለኝም።

5፡50 ላይ እንደገና ደወልኩ። ሲያነሳው ምንም አልተናገርኩም፤ ስልኩን ወደ እናትየው አፍ አስጠጋሁት። አየር ሲስቡ የሚወጣው ድምፅ ክፍሉን ሞልቶት ነበር። ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ነፋስ ነው።

ሮጦ መጣ። ይህን መናገር አለብኝ፤ በእውነት ሮጦ ነው የመጣው።

ሲያያቸው ፊቱ ተለወጠ። «ኦ.አር አዘጋጁ፣ እናውርዳቸው» አለ። ኦ.አር፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ፣ ሁለት ፎቅ ከታች ነው። ሊፍቱ በዚያ ሰሞን አይሠራም። እሱ ስትሬቸር ሲያስመጣ እኔ ለሲኒየሩ፣ ለበላይ ሐኪሙ፣ ደወልኩና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት። ሲኒየሩ ከእንቅልፉ ነው የተነሳው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«መቼ ነው የተሠሩት?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ሲተነፍሱ ይጮሃል?»

«አዎ።»

«እዚያው ክፈተው! አሁን! አልጋው ላይ!»

መቀስ ፍለጋ ሮጥኩ። ከቁስል ማጠቢያው ጋሪ ላይ አገኘሁ። ተረኛው ሐኪም የቆዳውን ስፌት ቆረጠ። ከሥር ጡንቻዎቹ የተያያዙበትንም ክር ቆረጠ። በጣቱ ሲከፍተው ጉበት የመሰለ የረጋ ደም ተገፍቶ ወጣ። ወዲያው እናትየው አንድ ረጅም አየር ሳቡ። ከዚያ ሌላ። ከዚያም ማልቀስ ጀመሩ፤ ልቅሶው ድምፅ ነበረው።

ቁስሉ ላይ ጎዝ ተደርጎ ወደ ታች ወረዱ። ሲደማ የነበረው አንዲት ትንሽ ደም ሥር ናት። ታሰረች። በአምስተኛው ቀን በእግራቸው ሄደው ወደ ቤታቸው ገቡ።

አንገት ጠባብ ቦታ ነው። እዚያ ውስጥ የታመቀ ደም ለመግደል ብዙ መሆን አያስፈልገውም። መጀመሪያ ደም መላሽ ሥሮችን ይጫናል። ደም ወደ ልብ መመለሻ ሲያጣ የማንቁርቱ ውስጠኛ ሽፋን ያብጣል፤ የአየር መተላለፊያው ከውስጥ ይጠባል። የመተንፈሻ ቱቦ እናስገባ ቢባል እንኳን የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ስፌቱን መፍታት ነው። በእንግሊዝ የሰመመንና የአንገት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት መመሪያም ይህንኑ ይላል፦ አንገቱን ግለጥ፣ ስፌቱን ቁረጥ፣ ቆዳውን ክፈት፣ ጡንቻውን ክፈት፣ ጎዝ አድርግበት። ፊደል ያልቆጠሩት እናት 5፡10 ላይ በአንድ ቃል ነግረውኛል። «ፍቺልኝ» ነው ያሉኝ። ሕክምናቸውን ራሳቸው አዘዙ፤ እኔ ፕላስተር አላላሁ።

እኛ ዎርድ እንቅርት የማይተኛበት ሳምንት የለም። ደጋው አፈር አዮዲኑን በዝናብ ታጥቦ ጨርሷል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ያደጉት እናቶች አንገታቸውን ይዘው አሁንም ይመጣሉ። ስዊዘርላንድም ተራራማ አገር ናት፤ አንድ ጊዜ የእንቅርት አገር ነበረች። እኛ ኦ.አር ውስጥ «ኮከር» እያልን የምንቀባበለው መቆንጠጫ ስሙን ያገኘው በበርን ከተማ ከነበረው ሐኪም ከቴዎዶር ኮከር ነው። በእሱ ዘመን መጀመሪያ ላይ የእንቅርት ኦፕራሲዮን ብዙ ሰው ይገድል ነበር፤ ከገዳዮቹም አንዱ ደም መፍሰስ ነው። እሱ እያንዳንዷን ደም ሥር በትዕግሥት እያሰረ የሚሞተውን ሰው ከመቶ አንድ በታች አወረደው። እ.ኤ.አ. በ1909 ኖቤል ተሸለመ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው «በትዕግሥት እያሰረ» ስለሚለው ነው። እንዲያም ሆኖ የታሰረ ሥር ሊፈታ ይችላል። ሲያስሉ፣ ሲያስመልሳቸው፣ የደም ግፊታቸው ከፍ ሲል። ቀኑን ሙሉ የሠራ ጎበዝ ሐኪም እንኳን ሌሊቱን ሙሉ አንገቱ ላይ ጣቱን አድርጎ አያድርም። የሚያድረው ነርስ ነው። አስታማሚ ነው።

በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ቀረበ። «ችግሩ ቶሎ ታውቆ ወዲያው እርምጃ ተወስዷል» ተባለ። ተጨበጨበ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ስለ ልጅቷ የተነሳ ነገር የለም፤ «ድምፅዋ የእማዬ ድምፅ አይደለም» ያለችውን ማንም አልሰማም። የመጀመሪያዋ መርማሪ እሷ ነበረች።

ከስብሰባው በኋላ ተረኛው ሐኪም ኮሪደር ላይ አገኘኝ።

«ሲስተር፣ ያን 5፡10 ብለሽ የጻፍሽውን ባትጽፊው ጥሩ ነበር። የሚያነበው ሰው ሌላ ነገር ይመስለዋል።»

«ምን ይመስለዋል?»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው። እሱ የፈራው ስለ ራሱ ነበር። እኔ ግን የደወልኩለት 5፡30 ነው፤ እሱም እዚያው ቻርት ላይ በእጄ ተጽፏል። ከ5፡10 እስከ 5፡30 ያለው ሃያ ደቂቃ የእሱ አይደለም። የእኔ ነው። «ቱቦው ነው» ብዬ ልጅቷን የመለስኳት እኔ ነኝ። ያን ሰዓት የጻፍኩት በራሴ ላይ ነው። ይህን ልነግረው ይገባ ነበር፤ አልነገርኩትም። ተቆጥቼ ስለነበር ስለ እሱ እንደጻፍኩ አድርጎ እንዲያስብ ተውኩት። ዛሬ ሌላ ቦታ ሄዷል። ጥሩ ሐኪም ሆኗል ይሉኛል፤ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ አንገቱ የተሠራ ታካሚ ሲመጣ አልጋው ራስጌ ላይ ሳጥን አስራለሁ። ውስጡ መቀስ፣ መቆንጠጫና ጎዝ አለ። አስታማሚውን ስሙን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ «ድምፁ ከተለወጠብህ፣ መተኛት እምቢ ካለ፣ ምራቁን መዋጥ ካቃተው ጥራኝ፤ አስር ጊዜም ቢሆን ጥራኝ» እላለሁ። ብዙዎቹ በከንቱ ይጠሩኛል። አንዳንድ ሌሊት ስድስት ሰባት ጊዜ እነሳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ አስታማሚዎቹን አስፈራራሻቸው ይሉኛል። ምናልባት እውነታቸውን ነው።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ወጣት ከኦ.አር ልትመጣ ስትል ሳጥኑን ከፈትኩት። መቀሱ የለም። ፋሻ ሊቆርጥበት የወሰደው ሰው አለ። ስትሬቸሩ ከታች እየተገፋ ሲመጣ ይሰማኛል። ወደ ስቶር ሮጬ ሌላ አመጣሁ።