ሌሊት ማንም በሌለበት የሚሠራው ፋን

ሕንፃው ከሚጠቀመው በላይ ኃይል እንዲያመነጭ ነበር የተነደፈው። ባለ አራት ፎቅ ቢሮ ነው። ጣሪያው በሙሉ ሶላር ፓኔል፣ ግድግዳው ሙቀት በማያስወጣ ወፍራም ሽፋን የተለበሰ። የቬንትሌሽኑን፣ ማለትም አየር የሚያዘዋውረውን ሥርዓት፣ ሥራ የተቆጣጠርኩትና ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ስሌቱን ደጋግመን ሠርተነዋል፤ በዓመት ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩ የሚልከው ከሚወስደው መብለጥ ነበረበት።

ዓመቱ ሲሞላ ቆጣሪው ሌላ ነገር ተናገረ። ሕንፃው የወሰደው ከላከው በ30,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በልጦ ተገኘ።

ስብሰባ ተጠራ። ሁላችንም ዞረን ያየነው ሶላሩን የሠራውን ባልደረባችንን ነው። ፓኔሎቹ አቧራ ይዘው ይሆናል፣ የፓኔሉን ኃይል ለሕንፃው እንዲሆን የሚለውጠው ኢንቨርተር ይፈተሽ፣ እየተባለ ወረደበት። እሱ የወር የወሩን ምርት አምጥቶ አሳየን፤ እንደተሰላው ነበር፣ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። ማን ይስማው! ወዲያው ወሬው ሁሉ የመኪና ማቆሚያው ላይ ተጨማሪ ፓኔል ስለመትከል ሆነ። ባለቤቱም ኖርዌይ ትሮንድሄም ከተማ በ2019 የተከፈተውን የፓወርሃውስ ብራቶርካያ ሕንፃ ፎቶ አውጥቶ «እነሱ ክረምቱን ፀሐይ እንደ ልብ በማይታይበት አገር ከቻሉ እኛ ምን አቃተን?» አለ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። ያ ሕንፃ ወደ 3,000 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ፓኔል አለው። ግን ፓኔሉ ብቻ አይደለም ያስቻለው። ከሚወጣው አየር ሙቀቱን መልሶ ይጠቀማል፣ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ የባሕር ውሃ ይረዳዋል፣ በአጠቃላይ ፍጆታው ትንሽ ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ ስብሰባው ላይ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግስቱ የቆጣሪውን የየሰዓቱን ንባብ አስወጣሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሰው በሌለበት፣ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ፣ 12 ኪሎዋት ይበላል! ክው አልኩ። ሳያቋርጥ የሚሠራ አንድ ኪሎዋት ብቻ በዓመት 8,760 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ያንን ለመተካት በአብዛኛው ቦታ ከ5 ኪሎዋት በላይ ፓኔል ያስፈልጋል።

የዚያኑ ቀን ማታ ሄድኩ። ጥበቃው በዚያ ሰዓት ሲያየኝ ገረመው። የመጣሁበትን ስነግረው «ያ ጣሪያ ላይ ያለው ነገር እኮ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ነው የሚያድረው። አንድም ቀን ዝም ብሎ አያውቅም። እናንተ የምታውቁት መስሎኝ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ መቆጣጠሪያ ክፍል ገብቼ ስክሪኑን አየሁ። የቬንትሌሽኑ ፋን «ጠፍቷል» ይላል። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ቱቦው ላይ እጄን ሳሳርፍ ግን ይንቀጠቀጣል። ስክሪኑ የሚያሳየው ለፋኑ የተላከለትን ትእዛዝ ነው እንጂ ፋኑ በእውነት መቆሙን አልነበረም። የፋኑን የኤሌክትሪክ ቦርድ ከፈትኩት። ስዊቹ ማንዋል ላይ ነው፤ ማለትም ፋኑ የመቆጣጠሪያውን ትእዛዝ አይሰማም።

ከርክክቡ በፊት የየክፍሉን አየር ስንለካ ፋኑ በሙሉ ፍጥነት እንዲሠራ ብለን ማንዋል ላይ አድርገነው ነበር። ወደ አውቶ፣ መቆጣጠሪያው ራሱ ወደሚያዝዘው፣ የመለሰው ሰው የለም። የዚያን ቀን ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው፤ ስክሪኑን አይቼ ነበር የፈረምኩት።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከ12ቱ ኪሎዋት አስሩ የፋኑ ነው። ቢሮው በየቀኑ ተዘግቶ የሚቆይባቸውን 12 ሰዓታት ብቻ ብንቆጥር በዓመት 43,800 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ጉድለታችን በሙሉ ከዚህ ያንሳል። የቀኑንም ብክነት ገና አልጨመርኩም፤ ፋን ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ የሚወስደው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል፣ የእኛው ግን ሰው በዛም አነሰም በሙሉ ጉልበቱ ሲሮጥ ነው የከረመው።

ስዊቹን አውቶ ላይ መለስኩት። ፋኑ ቀስ እያለ ቆመ። ጠዋት መጀመሪያ የደወልኩት ለባለቤቱ ሳይሆን ለሶላሩ ባልደረባዬ ነው፤ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ የፋኑን ትክክለኛ ሁኔታ እንዲያሳይ የአየር ግፊት መለኪያ አስገጠምን።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሕንፃው ከወሰደው በላይ ልኮ ተገኘ። ለመኪና ማቆሚያው የታሰበው ፓኔልም ሳይገዛ ቀረ።