ከደቻቱ ማዶ የተመዘገበው 60 ሜጋቢት

ድሬዳዋ ውስጥ ለኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ሠልጣኞች የቪዲዮ ትምህርት ስናዘጋጅ፣ የእያንዳንዱን ሠልጣኝ የኢንተርኔት ፍጥነት ለክቶ ለእሱ የሚመጥነውን የምስል ጥራት የሚመርጠውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ገጹ ሲከፈት 30 ኪሎባይት የሆነች ፎቶ ትወርዳለች፤ መጠኗ በ8 ተባዝቶ ወደ ቢት ይቀየርና በወሰደችው ጊዜ ይካፈላል፤ በውጤቱ መሠረት ባለ 240፣ ባለ 480 ወይም ባለ 720 ቪዲዮ ይከፈታል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ምስሉ ይጠራል፣ ፈጣን መስመርም ይፈልጋል። ከዚራ ባለው ቢሯችን ሞክሬው ሠራ።

ብዙም ሳይቆይ ቪዲዮው እየቆመ አስቸገረ የሚል ቅሬታ መጣ። ለሁለት ሳምንት ያህል «ኔትወርኩ ነው» እያልኩ መለስኩ። ይህ መልሴ ዛሬም ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም አንዱ ሠልጣኝ «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር፤ ከማግስቱ ጀምሮ ነው እምቢ ያለው» ሲለኝ ፍንጩን በእጄ አስጨብጦኝ ነበር።

አንድ ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር ወደሚገኘው የዚያ ሠልጣኝ ቤት ሄድኩ። ስልኩ ላይ ክቡ ይሽከረከራል። እናቱ «ይኸው፣ እንዲህ እየዞረ ካርዱን ይጨርሰዋል» አሉኝ። የመለኪያውን መዝገብ ስከፍተው በሰከንድ 60 ሜጋቢት ይላል። ፎቶዋ የመጣችው በ4 ሚሊሰከንድ ነው፤ ይህን ያህል ፍጥነት ሊኖር የሚችለው እዚያው ስልኩ ውስጥ ብቻ ነው። ብሮውዘሩ በመጀመሪያው ቀን ያወረዳትን ፎቶ አስቀምጦ ኖሮ በየቀኑ ከራሱ ማከማቻ ያወጣት ነበር፤ እኔም በዚያ ቁጥር ተማምኜ ለደካማ መስመር ባለ 720 ቪዲዮ ስሰጥ ቆይቻለሁ።

በማግስቱ ፎቶዋ ሁልጊዜ ከሰርቨሩ፣ ማለትም ከተቀመጠችበት ሩቅ ኮምፒውተር፣ እንድትመጣ በአድራሻዋ ላይ የሚለዋወጥ ቁጥር ጨመርኩ። አሁን ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፦ ፋይበር የገባለት የቢሯችን ኮምፒውተር ሳይቀር በሰከንድ 400 ኪሎቢት ተብሎ ባለ 240 ቪዲዮ ተሰጠው። ሰርቨሩ አውሮፓ ስለሆነ፣ ግንኙነቱን ለመጀመር ብቻ መልእክቱ ብዙ ጊዜ መመላለስ አለበት፤ በዚያ ላይ ማንኛውም ግንኙነት በጥቂቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው የሚፈጥነው። 30 ኪሎባይት መስመሩ ገና ሳይሟሟቅ ያልቃል። ይህ ለእኛ ቀላል ጉዳት አልነበረም፤ በባለ 240 ምስል፣ በትምህርቱ የሚታየው ብሬከር ላይ የተጻፈው 10 አምፔር ይሁን 16 አይለይም።

በመጨረሻ ፎቶዋን ተውኳት። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ባስተዋወቀው ኤችኤልኤስ በተባለው ዘዴ፣ እያንዳንዱን ትምህርት በሦስቱም ጥራት አዘጋጅቼ ባለ 6 ሰከንድ ቁርጥራጮች አደረግሁት። ማጫወቻው እያንዳንዱ ቁራጭ ሲወርድ ፍጥነቱን ይለካል፤ ቀጣዩን ቁራጭ ከየትኛው ጥራት እንደሚያመጣ በዚያ ይወስናል። ከዝቅተኛው እንዲጀምርና ከለካው ፍጥነት ሦስት አራተኛውን ብቻ እንዲያምን አዘዝኩት፤ ምሽት ላይ ኔትወርኩ በደቂቃ ውስጥ ሲዋዥቅ በዓይኔ አይቻለሁና።

በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ሰዓት መጋላ ተመለስኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁርጥራጮች ደብዛዛ ነበሩ፤ በሦስተኛው ምስሉ ጠራ፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ደበዘዘና መልሶ ጠራ፤ ቪዲዮው ግን አንድም ጊዜ አልቆመም። ልጁ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «16 ነው» አለ።